ከመጋረጃው ወዲያ የምንባባለው

ፊዚዮቴራፒ ክፍል ተመላልሳችሁ ከሆነ አልጋውን ካልጋ የሚለየውን መጋረጃ ታውቁታላችሁ። እናንተ ከወዲህ ተኝታችሁ ስትጠብቁ፣ ከወዲያ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሁለት ሦስት ልጆች ይንሾካሾካሉ። ታካሚው ብዙ ጊዜ «ሕመሜ ከፍቶ ይሆን እንዴ የሚደባበቁት?» ብሎ ይሰጋል። አይስጋ። የሚባባሉት «አራት ልጻፍ ሦስት?»፣ «አንቺ ጠይቂያቸው፣ እኔ አፈርኩ»፣ «ማሽን እናድርግላቸውና ይሂዱ?» ነው። ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ተማሪ ሆኜ ቆሜያለሁ። ዛሬ ደግሞ ተማሪ አስከትዬ የምገባው እኔ ነኝ። ስለዚህ የማወራችሁ የውሎዬን ነው።

ከውስጥ ያለን ሁላችን የምናውቀው፣ በምረቃ ንግግር ላይ ግን የማይነገር ነገር አለ። ፊዚዮቴራፒስት በሌክቸር ብቻ አይሠራም። የሚሠራው እጁን ሕመምተኛ ላይ ሲያሳርፍ አንድ የበሰለ ባለሙያ አጠገቡ ቆሞ «ቆይ፣ እዚህ አይደለም፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው» እያለ ባረመው ሰዓት ነው። እኛ ዘንድ ከመጽሐፍም ከመሣሪያም በላይ ያጠረን ያ ሰዓት ነው።

ካመጣጣችን እንጀምር። «ሳድግ ፊዚዮቴራፒስት እሆናለሁ» ያለ ልጅ እምብዛም አታገኙም። አብዛኛው ሐኪም መሆን ፈልጎ፣ ነጥቡ አልደርስ ብሎት፣ ምደባው እኛ ዘንድ የጣለው ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር በኩርፊያ ያልፋል። ቤት ደውሎ ሲናገር እናቱ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ትለዋለች፤ ሲያስረዳት «አሃ፣ ማሸት!» ትላለች። አጎት ካለ «ወጌሻ ለመሆን ዩኒቨርሲቲ ምን ያስገባል?» ብሎ ይጨምርበታል። ልጁ ከዚያ በኋላ ሰው ሲጠይቀው «ጤና ነው የማጠናው» ብሎ ማለፍ ይለምዳል።

ሐሜቱ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1894 አራት ነርሶች የሠለጠኑ የማሳጅ ባለሙያዎች ማኅበር ያቋቋሙት፣ በዚያ ዘመን «ማሳጅ» የሚለው ታፔላ ለሌላ ንግድ መሸፈኛ ሆኗል ተብሎ በሐኪሞቹ መጽሔት ላይ ሳይቀር ስለተጻፈ ነው። ፈተና አወጡ፣ የሥነ ምግባር ደንብ ጻፉ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አናክምም አሉ። የዛሬው የብሪታንያ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር ከዚያ የመጣ ነው። ይህን ታሪክ ያኮረፉት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ፊት ስናገር ጀርባቸው ቀና ሲል አያለሁ።

በአገራችን ሥራው ከዲግሪው ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት በሥጋ ደዌ ነርቩ የተጎዳ እጅና እግር የሚፈትሹና የሚያንቀሳቅሱ ሰዎችን ሲያሠለጥን ኖሯል። ዲግሪውን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጀመረው፣ ሌሎችም ተከተሉ። ጎንደር ኋላ ላይ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በተጀመረው ትብብር የሙያችን እህት የሆነውን ኦኪውፔሽናል ቴራፒንም ማስተማር ጀመረ። ዛሬ ዋርድ ውስጥ የምታዩዋቸው አስተማሪዎች ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹ ባቾች ናቸው። አስተማሪዎቹም ገና ወጣት ናቸው ማለቴ ነው፤ ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ይጠቅመናል።

ኩርፊያው የሚበርደው አናቶሚ ሲጀመር ነው። ፎርማሊኑ ዓይን ያቃጥላል፣ ምሳ ያስጠላል፤ ግን አንድ ልጅ የክንድን ጅማት ይዞ ሳብ ሲያደርግ የሬሳው ጣት እጥፍ ሲል ካየ በኋላ ሌላ ሰው ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ወደ ሕያው ገላ ይመጣል። የፕራክቲካል ክፍላችን መጀመሪያ ለገባ ሰው ያስደነግጣል፤ ቁምጣና ካኔተራ የለበሱ ልጆች በስክሪብቶ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይሥላሉ። የትከሻ አጥንት ጠርዝ እዚህ፣ የጡንቻው መነሻ እዚህ፣ ነርቩ የሚያልፈው በዚህ። ሴቶቹ ነጠላ ይዘው ይመጣሉ፤ የሚፈተሸው ቦታ ብቻ ይገለጣል፣ ሌላው ይሸፈናል። ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፣ ነጥብ አለው። ገላን ሳያስፈልግ ገልጦ የተወ ተማሪ ምርመራው ቢሰምርለት እንኳ ማርኩ ይቀነሳል። ነገ ከፊቱ የምትተኛው የገጠር እናት ቀሚሷን ከፍ ማድረግ ከሞት የሚከብዳት ልትሆን ትችላለች። ፈቃድ መጠየቅን እርስ በርስ ተፋፍሮ ያልተማረ ዋርድ ላይ አይማረውም።

አሁን «አራት ልጻፍ ሦስት?» ወደሚለው ልምጣ። የጡንቻን ኃይል ከዜሮ እስከ አምስት እንለካለን። ዜሮ ምንም የለም። አንድ፣ ጡንቻው በጣት ሲዳሰስ እምር ይላል እንጂ አካሉ አይንቀሳቀስም። ሁለት፣ አካሉ ክብደቱ ሲቀርለት ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ በጎን አስተኝተነው ፍራሹ ላይ ሲንሸራተት ማለት ነው። ሦስት፣ የራሱን ክብደት ተሸክሞ ይነሣል። አምስት እንደ ጤነኛ ሰው ነው። አራት በሦስትና በአምስት መካከል ያለው ሰፊ አገር ነው፤ ግፊትን ይቋቋማል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ምስጢሩን ልንገራችሁ፤ ካርድ ላይ ከላይ እስከ ታች «አራት፣ አራት፣ አራት» የሚል ካያችሁ፣ ተማሪው አልለካም።

ልክ ሲለካ እንዲህ ነው። ታካሚው አልጋ ጫፍ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጣል። ተማሪው አንድ እጁን ከጭኑ ሥር ያደርጋል፣ ሌላውን ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ አድርጎ ያሳርፋል። «ይዘርጉ። እንዳላጥፈው አጥብቀው ይያዙ» ይላል። ከዚያ ቀስ እያለ ይጫናል፣ በድንገት አይደለም፣ ጡንቻው እስኪመልስለት እየጠበቀ። ዓይኑ ግን እግሩ ላይ ብቻ መሆን የለበትም። ታካሚው ወገቡን ወደ ኋላ ጋደል ካደረገ ወይም በእጁ የአልጋውን ጠርዝ ጭምድድ አድርጎ ከያዘ፣ ሌላ ጡንቻ እየተበደረ ነው፤ ያ አራት የመሰለው ሦስት ይሆናል። ቀጥሎ ጤነኛውን እግር ይለካል፤ ምክንያቱም የሰባ ዓመት አዛውንት አምስት የሃያ ዓመት ወታደር አምስት አይደለም። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። እጅ እስኪያውቀው ግን ወራት ይፈጃል፤ የሚያርም ሰው ከሌለ ደግሞ ዓመታትም አይበቁት። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ባለሙያ «ተሻለው ወይስ ባሰበት?» ብሎ ያንን ካርድ ሲገልጥ፣ በግምት የተጻፈ አራት ውሸታም ምስክር ነው።

አዲስ ባች ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማደርገውን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። እጃቸውን ኪሳቸው እንዲከቱ አደርጋለሁ። መንካት ክልክል ነው። ታካሚው ከበሩ እስከ አልጋው ሲራመድ ብቻ ያያሉ። ከየትኛው እግሩ ላይ ቶሎ ይነሣል? የትኛው እጁ አይወዛወዝም? የጫማው ሶል በየት በኩል አልቋል? ኤክስሬዩን የያዘው እሱ ነው ወይስ ልጁ? ሲቀመጥ በሁለት እጁ ተደግፎ ነው ወይስ ዘፍ ብሎ? ጎበዝ ባለሙያ ታካሚው «ደህና አደራችሁ» ብሎ ሳይጨርስ ግማሹን ምርመራ ጨርሷል። ተማሪ ግን እጁ ይበላዋል፤ ቶሎ መንካት፣ ቶሎ ማሸት ይፈልጋል።

ቶሎ መንካት ደግሞ ያጠፋል። የወገብ ሕመም ብሎ ከሚመጣው ሰው አብዛኛው የሚያሰጋ ነገር የለበትም፤ መንቀሳቀስና ማጠናከር ይበቃዋል። በመሃል ግን አንዱ ይመጣል። ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል፣ ሱሪው ሰፍቶታል፣ ሕመሙ ተኝቶም አይተወውም። የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ያንን ወገብ «ላፍታታው» ብሎ የሚጫን እጅ ነርቩን ጎድቶ ሰውዬውን ከእግሩ ሊያስቀምጠው ይችላል። ስለዚህ ተማሪው መጀመሪያ የሚማረው ጥያቄ ነው፤ ላብ፣ ትኩሳት፣ ክሳት፣ የሌሊት ሕመም፣ ሽንት መቋጠር አቅቶት እንደሆነ፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው ቦታ ደንዝዞ እንደሆነ። «አንቺ ጠይቂያቸው፣ እኔ አፈርኩ» የተባለው እነዚህን የመጨረሻዎቹን ሁለት ነው። የሽንት ነገር አፍሮ ያልጠየቀ ተማሪ፣ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና የሚያሻውን ሰው ስፖርት አሳይቶ ሊሸኘው ይችላል። የባት እብጠትም እንዲሁ ነው። አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነካ የሚያም ከሆነ የረጋ ደም ሊኖር ስለሚችል አይታሽም፤ ወደ ሐኪም ይሄዳል። «ልጄ፣ ትንሽ እሺልኝ» ብለው የሚለምኑ እናትን እንቢ ማለት መቻል ትልቅ የትምህርት ውጤት ነው፤ ግን በየትኛውም ትራንስክሪፕት ላይ አይታይም።

ስለ ወጌሻም ልናገር፤ ያለ እሱ የእኛ ሥራ አይተረክም። ስብራትና ውልቃት ያጋጠመው ሰው ብዙ ጊዜ እኛ ጋ የሚደርሰው ወጌሻ ጋ ደርሶ ነው። የታጠፈና የተዘረጋ ነገርን በእጃቸው የሚያውቁ አሉ፣ አልክድም። አደጋው ያለው ጥብቅ አድርገው ሲያስሩት ነው፤ ደም ቆሞ ጣት ይጠቁራል፣ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው መቁረጥ ነው። በዚህ ምክንያት እጅ ወይም እግር ያጡ ሕፃናት በየሆስፒታላችን አሉ። ተማሪው መጀመሪያ ሲሰማ ይቆጣል፤ «ለምን ወጌሻ ጋ ሄዱ?» ይላል። ያኔ አባትየው ዝም ይላል፤ መቼ እንደታሰረ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ምን እንደተቀባ መረጃው ሁሉ አብሮት ይዘጋል። እኛ የምናስተምረው አጠያየቅ ሌላ ነው፤ «ከዚህ በፊት ማን አይቶልዎታል? ምን አደረጉለት?» ብቻ። ፍርድ የለም። ይህንን አጠያየቅ ከውጭ አገር በመጣ መጽሐፍ ውስጥ አታገኙትም።

ከመጽሐፍ አንሥተን አይቀር፣ ሌላም የሚያስቸግረን አለ። የዳሌ መገጣጠሚያ በተቀየረለት ሰው ላይ መጽሐፉ ተማሪውን ሲያስጠነቅቅ፣ ዳሌ ከዘጠና ዲግሪ በላይ አይታጠፍ፣ ዝቅ ያለ መቀመጫ ክልክል፣ የሽንት ቤት መቀመጫውም ከፍ ይበል ይላል። ተማሪው ይሸመድደዋል፣ በፈተናም ይጽፈዋል። ከዚያ አባባ ከደብረ ታቦር ወይም ከደሴ አካባቢ ይመጣሉ። በርጩማ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ሽንት ቤታቸው ቁጢጥ የሚባልበት ነው፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሰግዳሉ። ሙስሊም ከሆኑ ሶላታቸው አለ። «ቁጢጥ አይበሉ» ማለት ለእሳቸው «ከቤት አይውጡ» እንደማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ተማሪ ከባለሙያ የሚለየው። ጎበዟ ልጅ የዘጠና ዲግሪውን ነገር ትታ ቤታቸውን ትጠይቃለች፤ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ላይ የሚቀመጥ፣ መሃሉ የተቀደደ ወንበር የሚሠራ አናጺ ይኖር እንደሆነ፣ ቆሞ ወይም ወንበር ላይ ሆኖ መጸለይ ስለመቻሉ ከንስሐ አባታቸው ወይም ከኢማማቸው ጋር መነጋገር ይፈልጉ እንደሆነ። የእኛ ታካሚ «ዳነ» የሚባለው ቡናው ወደሚፈላበት ተመልሶ ሲቀመጥ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ባጃጅ ላይ ወጥቶ ሲወርድ ነው።

ማሽኑን ረሳሁት እንዳትሉ። እዚህ ላይ የምናገረው አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼን ያስከፋል። ታካሚያችን ማሽን ይወዳል። ገመድ ያለው፣ የሚነዝር፣ መብራት የሚበራ ነገር ካልተደረገለት የታከመ አይመስለውም። ተማሪም ማሽን ይወዳል፤ መደበቂያ ነው። ቴንስ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ነዛሪ ለጥፎ፣ ሰዓቱን ሞልቶ፣ መጋረጃውን ስቦ ይወጣል። የግል ክሊኒክ ባለቤትም ይወዳል፤ አንድ ሠራተኛ በአንድ ሰዓት አራት አልጋ ላይ ማሽን ሊያስር ይችላል፣ በእጁና በምክሩ ግን አንድ ሰው ነው የሚያክመው። ነገሩ ግን፣ ያ ጄል ተቀብቶ የሚዞረው የአልትራሳውንድ ሕክምና ለቆየ የወገብ ሕመም ይጠቅማል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ቴንስም ሕመሙን ለጊዜው ያደነዝዝ ይሆናል እንጂ የደከመ ጡንቻ አያጠነክርም። ስለዚህ ሲመሽ፣ ራውንዱ አልቆ ከተማሪዎቼ ጋር ስንቀር፣ የምጠይቃቸው ጥያቄ አለኝ፤ መብራት ቢጠፋ ለዚህ ሰው ምን ታደርግለታለህ? የኛ መብራት ደግሞ ሳይውል ሳያድር ስለሚጠፋ ጥያቄው የንድፈ ሐሳብ አይደለም።

መብራት የማይፈልገው ትምህርት የሚገኘው አታችመንት ላይ ነው። ተማሪ ከሌክቸር አዳራሽ ወጥቶ ሆስፒታል ለሆስፒታል የሚዞርበት ጊዜ ማለት ነው። ሥጋ ደዌ ክሊኒክ የገባ ተማሪ አንድ ስክሪብቶ ይበቃዋል። ታካሚው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ተማሪው መዳፉንና የውስጥ እግሩን በስክሪብቶ ጫፍ ነካ ያደርጋል፣ ታካሚው የተነካበትን በጣቱ ያሳያል። ከዚያ ትንሿን ጣት ወደ ውጭ፣ አውራ ጣትን ወደ ላይ፣ እግርን ወደ ላይ ያስገፋዋል። ባለፈው ወር የሰማው ነጥብ ዛሬ ካልተሰማው፣ ያ አዲስ የነርቭ ጉዳት ነው፤ ሐኪሙ በስድስት ወር ውስጥ ፕሬድኒሶሎን ከጀመረለት እጁ ሊተርፍ ይችላል። ያንን ወረቀት በግምት የሞላ ተማሪ የሰው እጅ ቀማ ማለት ነው።

ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን ላይ ደግሞ አውራ ጣት ነው የሚፈተነው። ዘዴው ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የተባለ ሐኪም አሜሪካ፣ አዮዋ ላይ ያዳበረው ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የኪዩር ሆስፒታል ከሚሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እግሩ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ተቃንቶ በጀሶ ይያዛል፤ ብዙውን ጊዜ አምስት ስድስት ጀሶ ይበቃል፣ አብዛኞቹ ላይ በመጨረሻ የተረከዝ ጅማት ትንሽ ይቆረጣል። ከዚያ ሁለት ጫማ በብረት የተያያዘበት ማሰሪያ ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ቀጥሎ እስከ አራት ዓመት ድረስ ሲተኛ ይደረጋል። የተማሪው አውራ ጣት ማረፍ ያለበት በቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት በውጭ በኩል ጉብ ባለችው አጥንት ላይ ነው፤ ተረከዙ አይነካም። አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከገፋ፣ እግሩ የተቃና መስሎ ይታያል እንጂ ተረከዙ ተቆልፎ ይቀራል። አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር! ያንን በቪዲዮ ያየ ሁሉ ያወቀው ይመስለዋል፤ በሚያለቅስ ሕፃን እግር ላይ፣ እናቱ ጡት እያጎረሰችው፣ ጀሶው ሳይደርቅ ለማግኘት ግን አጠገቡ የቆመ ሰው የግድ ነው።

የፊስቱላ ሴቶችንም መጥቀስ አለብኝ። ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 የመሠረቱት ሆስፒታል በቀዶ ሕክምናው ዝነኛ ነው፤ የፊዚዮቴራፒው ወሬ ብዙም አይነሣም። ምጥ ለቀናት ሲጓተት የሕፃኑ ራስ የዳሌ ነርቮችን ይጫናል፤ እናቲቱ ሽንቷ መፍሰሱ ሳያንስ እግሯም ወደ ላይ አልነሣ ይላታል። ሽንቱ የሚቆም መስሏት ለወራት ተኮራምታ የተኛች ደግሞ ጉልበቷና ዳሌዋ እንደታጠፈ ይደርቃል። ቀዶ ሕክምናው ፍሳሹን ቢያቆም፣ በእግሯ ቆማ ወደ አገሯ የሚመልሳት የወራት መዘርጋትና ማራመድ ነው። እዚያ የዋለ ተማሪ «ማሸት» የሚለውን ቃል ድጋሚ ቢሰማ አይከፋውም።

ወደ ጎደለው ሰዓት ልመለስ። የዓለም የፊዚዮቴራፒ ማኅበር ትምህርቱ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ቢያንስ አራት ዓመት እንዲሆን፣ ሲሶው ገደማ ደግሞ የክሊኒክ ልምምድ እንዲሆን ይመክራል። እንግሊዞች 1000 ሰዓት የልምምድ ሥራ ይጠይቃሉ፤ አሜሪካኖች ቢያንስ 30 ሳምንት ሙሉ ቀን። በወረቀት ከሆነ የእኛም ካሪኩለም አያሳፍርም። ሰዓቱ አለ፤ ተማሪው ዋርድ ላይ ይቆማል። ጥያቄው ማን አጠገቡ ቆሟል ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ይመጣል። ባለሙያዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ወጣት ናቸው፣ ተማሪ እንዲይዙ እንጂ እንዴት እንደሚያዝ ያሳያቸው የለም፤ የራሳቸውም ታካሚ ኮሪደር ላይ ተሰልፏል። አንድ ባለሙያ ስምንት ተማሪ ከኋላው ሲያስከትል ስምንተኛው የሚያየው የሰባተኛውን ጀርባ ነው።

ከዚያ የሎግ ቡክ ነገር ይመጣል። ይህ እዚሁ ይቅር። ተማሪው ይህን ያህል ስትሮክ፣ ይህን ያህል ስብራት፣ ይህን ያህል ሕፃን አይቻለሁ ብሎ ያስፈርማል። ሳምንቱ ሲያልቅ የሚሰበሰበው ፊርማ ብዛት ሐምሌ ላይ የሚዘንበውን ዝናብ ያስንቃል። ያላየውን ያየ፣ ያየውን የሠራ አስመስሎ የሚጽፍ አለ፤ የጓደኛውን ኬዝ ስም ቀይሮ የሚገለብጥም አለ። እኛ አስተማሪዎቹ አናውቅም? እናውቃለን። በአንድ ጥያቄ ይለያል፤ «ሰውዬው ከአልጋ ሲነሣ በየትኛው ጎኑ ነበር የተነሣው?» ያየ ሰው ወዲያው ይመልሳል፣ የገለበጠ ጣሪያ ያያል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ከመቶ ያላመጣ አይመረቅም። ፈተናውን አልቃወምም። የማያነብ ተማሪ እንዲያነብ አድርጓል። ግን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ትክክለኛውን ፊደል መምረጥ አንድ ነገር ነው፤ ስትሮክ የመታውን ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር ማዘዋወር ሌላ ነው። ለዚህኛው የሚሻለው ኦስኪ የምንለው ፈተና ነው። ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ፣ ሰዓት ተይዞበት፣ ሰው ላይ ሠርቶ ያሳያል። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው የት መሰላችሁ? እጅ አለመታጠብ፣ ስም አለመጠየቅ፣ የአልጋውን ጎማ አለመቆለፍ ላይ ነው። ስትሮክ ታካሚ የደከመ ክንዱን ይዞ የሚጎትት ተማሪ ደግሞ እዚያው ያበቃለታል። ያ ትከሻ ጡንቻው ስለላላ በቀላሉ ከቦታው ይወርዳል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሕመም ወራት ያስለቅሳል። የሚነሣው በሰውነቱ ግንድ ተይዞ እንጂ በክንዱ አይደለም።

ውጭ ስላሉት ወገኖቻችንም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ። ዲግሪ ይዞ አሜሪካ የገባ ፊዚዮቴራፒስት ወዲያው መሥራት አይችልም። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ሙያው የሚጀምረው በዶክትሬት ነው፤ የእኛ ትራንስክሪፕት ኮርስ በኮርስ ይመዘናል፣ የጎደለው ይሞላል፣ ከዚያ ብሔራዊው ፈተና ይመጣል፤ 225 ጥያቄ፣ ማለፊያው ከ200 እስከ 800 በሚሄደው መለኪያ 600 ነው። ዱባይና አካባቢው የሚሄዱት ሰነዳቸው ከትምህርት ቤቱ ድረስ እየተጠየቀ ይጣራል፣ የራሳቸው ፈተናም አለባቸው። መዛኞቹ በክሊኒክ የቆየህበትን ሰዓት በወረቀት ስለሚጠይቁ፣ ለመሄድ ያሰበ ተማሪ ካሁኑ የአታችመንት ደብዳቤውንና የኮርስ ዝርዝሩን ይያዝ። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ሆኖ የአሥር ዓመት ወረቀት ከዚህ ማስፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል።

የጎደለውን ሰዓት ማን ይሙላው? መንግሥት ቅጥር ይጨምር፣ ለተማሪ ሱፐርቫይዘሮች ጊዜና አበል ይመደብ፤ ይህንን በየስብሰባው ስንለው ኖረናል። የስምንቱን ተማሪ ሰልፍ ግን ዛሬም ማሳጠር ይቻላል። ሁለት ሁለት አድርጎ አንዱ ሲያክም ሌላው እንዲታዘብና እንዲመዘግብ፣ ሲጨርሱ እንዲተራረሙ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። ተማሪን ታካሚ ፊት አለማዋረድም አይጠይቅም። የማዋረድ ባህል በኛ ሆስፒታሎች ውስጥ አሁንም አለ፤ በሰው ፊት የተሰደበ ተማሪ የሚማረው ጥያቄ አለመጠየቅን ነው፣ ጥያቄ የማይጠይቅ ባለሙያ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢውን ያሳልፋል።

እናንተም ድርሻ አላችሁ። ተማሪ መጥቶ «ላይዎት ይፈቀድልኛል?» ሲል ቢቻላችሁ ፍቀዱለት፤ ካልፈለጋችሁም እንቢ ማለት መብታችሁ ነው፣ ማንም ሊቆጣ አይገባም። ከፈቀዳችሁ «አስተማሪህ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ይኼ ለምንድን ነው የሚደረግልኝ? ቤት ሄጄስ ምን ልሥራ?» በሉት። መልስ ከሌለው መጋረጃውን ገለጥ አድርጋችሁ እኛን ጥሩን። እንመጣለን።